የቤንዚኑ ቱቦ ታሪክ

ፎርሙላ ዋን የምታዩ ልጆች፣ መቼም ዓይናችሁ ሾፌሩ ላይ ነው። እኔ ግን የምጠብቀው መኪናዋ ለጎማ ቅያሪ የምትቆምባትን ቅጽበት ነው። ሃያ ያህል ሰው ይከባታል። ከፊትና ከኋላ በክሪክ ያነሷታል፣ በአየር ግፊት የሚሠራው መፍቻ ይጮሃል፣ በየጎማው ያለችው አንዲት ዳዶ ትፈታለች፣ አዲሱ ጎማ ይገባል። በቃ፣ ሄደች! (ክሪክ፣ ዳዶ፣ ጎሚስታ የምንላቸው ቃላት ከጣሊያን የመጡ ስለሆኑ የፌራሪ ሠራተኞች ሲጯጯሁ የሰፈራችሁ ጎሚስታ ቢሰማ ግማሹ ይገባዋል።)

ዛሬ ከዚህ ትዕይንት ውስጥ የጠፋ አንድ ዕቃ አለ፤ የቤንዚን ቱቦው። የማወራችሁም ስለ እሱ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው።

ነገሩን በ1982 የጀመረው የብራብሃም ቡድን መሐንዲስ ጎርደን መሪ ነው። ሂሳቡ ቀላል ነበር፦ ታንኩን ግማሽ ብቻ ሞልተህ ብትነሳ መኪናዋ ትቀላለች፣ ለስላሳ ጎማም መጠቀም ትችላለህ፤ በዚህ የምታተርፈው ጊዜ ቆመህ ከምታባክነው ይበልጣል። ቤንዚኑን ወደ ታንኩ የሚገፋ፣ አየር በግፊት የታመቀበት በርሜል አዘጋጁ። ቀዝቃዛ ጎማ መሬት አይጨብጥምና የእንጨት ሳጥን ሠርተው ጎማውን በጋዝ እሳት ያሞቁት ነበር። ቤንዚንና እሳት ጎን ለጎን! ከ1984 ጀምሮ ውድድር መሀል ነዳጅ መቅዳት ተከለከለ።

በ1994 ተመለሰ። አሁን ግን ቡድኖቹ በግፊት እንዳይፎካከሩ ሁሉም አንድ ዓይነት መቅጃ እንዲይዙ ተደረገ። ሠሪው ኢንተርቴክኒክ የተባለ የፈረንሳይ ኩባንያ ነበር። በሰከንድ 12 ሊትር ያህል ይቀዳል። ማደያ ቆማችሁ የቁጥሩን ሩጫ የምታዩ እስቲ አስቡት፤ የትንሽ የቤት መኪና ታንክ በአራት ሰከንድ ይሞላል ማለት ነው።

ሐምሌ 31 ቀን 1994፣ ጀርመን፣ ሆከንሃይም። የቤኔቶን ቡድኑ ሆላንዳዊ ዮስ ፈርስታፐን ሊቀዳ ቆመ። ቤንዚኑ ወደ ታንኩ መግባቱ ቀርቶ በጋለችው መኪና ላይ ተረጨ። ትንሽ ቆይቶ መኪናውም ሾፌሩም መካኒኮቹም በእሳት ውስጥ ጠፉ። ፈርስታፐን ለአየር ብሎ የራስ ቁሩን መስታወት ከፍቶ ነበር። እሳቱ በሰከንዶች ውስጥ ጠፋ። እሱና በርካታ መካኒኮች ቀለል ባለ ቃጠሎ ተረፉ።

ምርመራው ታዲያ ምን አገኘ? ከመቅጃው ውስጥ አንዲት ማጣሪያ ተነቅላለች። ያለ ማጣሪያዋ ቤንዚኑ ከ12 በመቶ በላይ ፈጥኖ እንደሚወርድ ተሰላ። ስምንት ሰከንድ የሚፈጅ ቅጂ ላይ አንድ ሰከንድ ገደማ ማትረፍ ነው። የቱቦው መዝጊያም በባዕድ ነገር ምክንያት በደንብ እንዳልተዘጋ ተነገረ። ቤኔቶን «ፈቃድ አግኝተን ነው» ብሎ ተከራከረ፤ በመጨረሻም ያለ ቅጣት አለፈ። በዚያው ዓመት የቡድኑ ሾፌር ሚካኤል ሹማከር ዋንጫውን ወሰደ። እኔን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። የምትተርፈዋ ሰከንድ የሾፌሩና የቡድኑ ናት፤ ቱቦውን ታቅፎ እሳቱ ፊት የሚቆመው ግን ስሙን ማንም የማያውቀው መካኒክ ነው።

ከዚያም በኋላ ቱቦው 15 ዓመት ቆየ። በ2008 ሲንጋፖር ላይ ይመራ የነበረው የፌራሪው ፌሊፔ ማሳ አረንጓዴ መብራት ያለጊዜው በርቶለት ቱቦውን ከነተሰካ ገንጥሎት ነዳ። መካኒኮቹ ሊነቅሉለት እየሮጡ ተከተሉት። በዚያ ውድድር ነጥብ አላገኘም፣ የዓመቱን ዋንጫም በአንድ ነጥብ አጣ። በ2009 ብራዚል ላይም እንዲሁ የተነቀለ ቱቦ የኪሚ ራይኮነንን መኪና ለቅጽበት እሳት አለበሳት።

ከ2010 ጀምሮ ቀረ። ትልቁ ምክንያት እሳቱ እንዳይመስላችሁ፤ መቅጃዎቹን በየአገሩ ማጓጓዝ ወጪ ሆኖባቸው ነው።

ቱቦው ሲወጣ ፍጥነቱን የሚወስነው መፍቻውና ዳዶው ብቻ ሆነ። እነሱም ቢሆኑ ያሾፋሉ፤ በ2021 ሞናኮ ላይ የቫልቴሪ ቦታስ ዳዶ ተበልቶ ጎማው አልፈታ ስላለ መኪናው እንግሊዝ አገር ፋብሪካ ድረስ ተጭኖ ሄዶ ነው የተፈታው። ሲሳካ ግን ሌላ ነው። በኅዳር 2019 ሳኦ ፓውሎ ላይ ሬድ ቡል አራቱን ጎማ በ1.82 ሰከንድ ቀየረ። መኪናዋ ውስጥ የነበረው ማክስ ፈርስታፐን ነው፣ የዮስ ልጅ።