በባሕር የወደቀ ሰው ጠላት ነውን?

እኛ የዚህ ትምህርት ቤት ተማሪዎች አብዛኞቻችን የደጋ ልጆች ነን። ባሕርን የምናውቀው በጂኦግራፊ ካርታ ላይ በሰማያዊ ቀለም ተሥሎ ነው። ስለዚህ ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መታሰቢያ በሚታተመው በዚህ መጽሔት ውስጥ ስለ ሰጠሙ መርከቦች ለመጻፍ ባሰብን ጊዜ፥ «ባሕር ያላያችሁ ልጆች ስለ መርከብ ምን አገባችሁ?» ያሉን ጓደኞች ነበሩ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱንም በመጨረሻ እንሰጣለን።

የምንጽፈው ስለ መርከቦቹ ትልቅነት ወይም ውበት አይደለም። ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም መርከብ ከሰጠመች በኋላ በውሃ ላይ የሚንሳፈፈውን ሰው ማን ያነሣዋል? ያ ሰው ጠላት ቢሆንስ? የታሪክ መጻሕፍት ስለዚህ ጉዳይ ብዙ የሚያስደንቅና ብዙ የሚያሳዝን ነገር ይነግሩናል። አንባብያን እንዳይሳሳቱ በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን እናሳስባለን።

ከሁሉ አስቀድመን ብዙዎቻችን ከልጅነታችን ጀምሮ የሰማነውን እናንሣ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 እንደ ተጻፈው፥ ጳውሎስ እስረኛ ሆኖ ወደ ሮም ሲወሰድ የተሳፈረባት መርከብ በማዕበል ተመትታ በመላጥያ ደሴት አጠገብ ተሰበረች። በውስጧም 276 ሰዎች ነበሩ። ወታደሮቹ እስረኞቹ ዋኝተው እንዳያመልጡ ሊገድሏቸው ተማከሩ። ዩልዮስ የተባለው የመቶ አለቃ ግን ከለከላቸው። ዋና የሚያውቁ አስቀድመው ወደ ውሃ እንዲወርዱ፥ የቀሩትም በሳንቃና በመርከቢቱ ስባሪ ላይ ሆነው እንዲሻገሩ አዘዘ። ሁሉም በደኅና ወደ ምድር ደረሱ። ዝናብና ብርድ ነበረና የደሴቲቱ ሰዎች እሳት አንድደው ተቀበሏቸው፤ እስረኛውንና ወታደሩን አልለዩም። በዚህ ጥንታዊ ታሪክ ውስጥ ሁለት ሐሳቦች ተፋጥጠው እናያለን። አንዱ «እስረኛ ነውና ይሙት» የሚል ነው፤ ሁለተኛው «ሰው ነውና ይዳን» የሚል ነው።

መርከበኞች በየዘመኑ ሁለተኛውን ሐሳብ እንደ ባህል ሲጠብቁት ኖረዋል። ዛሬ ያዳነ ሰው ነገ እርሱ ራሱ አዳኝ ሊፈልግ ይችላልና። ይህም ባህል በ1910 ዓ.ም. በብራስልስ ከተማ በጽሑፍ ሕግ ሆነ። በዚያ ዓመት የብዙ መንግሥታት መልእክተኞች በፈረሙት ስምምነት መሠረት፥ ማናቸውም የመርከብ አለቃ የራሱን መርከብና ሰዎች ለከባድ አደጋ የማያጋልጥ እስከ ሆነ ድረስ በባሕር ላይ ለመጥፋት የተቃረበውን ሰው ሁሉ፥ ጠላትም ቢሆን እንኳ፥ የመርዳት ግዴታ አለበት። ይህ እጅግ መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን በዚያው ስምምነት ውስጥ ሕጉ ለጦር መርከቦች እንደማይሠራ ተጽፎ ነበር። በመርከብ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ትልቅ ነገር ናት፤ በሕግም ላይ እንዲሁ መሆኗን ወደ ፊት እናያለን።

ስምምነቱ ከተፈረመ ሁለት ዓመት ሳይሞላው፥ አፕሪል 14 ቀን 1912 ዓ.ም. ሌሊት፥ ታይታኒክ የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ከተንሳፋፊ የበረዶ ተራራ ጋር ተጋጨች። ወደ 2,200 የሚሆኑ ሰዎች ይዛ ነበር፤ የሕይወት ማዳኛ ጀልባዎቿ ግን ቢሞሉ እንኳ 1,178 ሰዎችን ብቻ የሚይዙ ነበሩ። ስለዚህ ወደ 1,500 የሚሆኑ ሰዎች በብርዱ ባሕር ውስጥ አለቁ። ካሊፎርኒያን የምትባል ሌላ መርከብ በቅርብ ቆማ ነበር፤ ዳሩ ግን ብቸኛው የሬዲዮ ሠራተኛዋ ተኝቶ ስለ ነበር የርዳታውን ጥሪ አልሰማችም። ካርፓቲያ የተባለችው መርከብ ግን ከሩቅ ሰምታ፥ በበረዶው መካከል በጨለማ በሙሉ ኃይሏ ተጕዛ፥ በጀልባዎቹ ላይ የተገኙትን ከ700 በላይ ሰዎች አነሣች።

ከዚህ አደጋ ዓለም ተማረ። በጃንዋሪ 1914 ዓ.ም. በሎንዶን በተፈረመው ስምምነት ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ በጀልባ ላይ ቦታ እንዲኖረው፥ በትልልቅ መርከቦችም ላይ ሬዲዮ ቀንና ሌሊት ያለማቋረጥ እንዲደመጥ ተወሰነ። የሚያሳዝነው ግን በዚያው ዓመት የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሣና ስምምነቱ እንደ ታሰበው ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። ያቺ ሰው ያዳነች ካርፓቲያም በጁላይ 1918 ዓ.ም. በጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ተመትታ ሰጠመች፤ ከሠራተኞቿም አምስቱ ሞቱ። በሰላም ጊዜ የተሠራው በጦርነት ጊዜ እንዴት እንደሚፈርስ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላገኘንም።

ጦርነት ማዳንን ራሱን አደገኛ ያደርገዋል። ሴፕቴምበር 22 ቀን 1914 ዓ.ም. አቡኪር፥ ሆግና ክሬሲ የሚባሉ ሦስት የእንግሊዝ ጦር መርከቦች በሰሜን ባሕር ላይ አብረው ይጓዙ ነበር። ዩ-9 የተባለች አንዲት የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ በቶርፒዶ፥ ማለት በውሃ ውስጥ በሚሄድ ፈንጂ፥ አቡኪርን መታች። አለቃዋ በባሕር ውስጥ የተቀበረ ፈንጂ የነካት መስሎት ጓደኞቿን ለርዳታ ጠራ። ሆግ ሰዎቹን ለማንሣት ስትቆም ተመታች። ክሬሲም እንዲሁ ስትቆም ተመታች። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ሦስቱም ሰጠሙ፤ 1,459 ሰዎችም ሞቱ። ከሞት የተረፉትን ካነሧቸው መካከል በጦርነቱ ያልገቡ የሆላንድ ሰዎች መርከቦች ይገኙበታል። ከዚያ ቀን በኋላ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ትልልቅ ጦር መርከቦች በእንዲህ ያለ ስፍራ ለርዳታ እንዳይቆሙ አዘዘ። ትእዛዙን ልንነቅፍ አንችልም፤ ነገር ግን የገዛ ወገንን በውሃ ላይ ትቶ መሄድ ግዴታ የሆነበት ዘመን መምጣቱን ያሳያል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነገሩ ከዚህ ባሰ። ሴፕቴምበር 12 ቀን 1942 ዓ.ም. ዩ-156 የተባለችው የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ላኮንያ የምትባለውን የእንግሊዝ መርከብ በምዕራብ አፍሪቃ ፊት ለፊት ባለው ውቅያኖስ ላይ አሰጠመች። በላኮንያ ላይ ከነበሩት 2,700 ያህል ሰዎች ወደ 1,800 የሚሆኑት የተማረኩ ኢጣልያውያን ወታደሮች ነበሩ። ኢጣልያ ደግሞ በዚያን ጊዜ የጀርመን የጦር ጓደኛ ነበረች። የሰርጓጇ አዛዥ ቬርነር ሃርተንሽታይን ከውሃው የሚሰማው የኢጣልያንኛ ጩኸት መሆኑን ባወቀ ጊዜ ደነገጠ። ሰዎቹን ማንሣት ጀመረ፤ ካነሣም በኋላ ኢጣልያዊውን ከእንግሊዛዊው፥ ወንዱን ከሴቲቱ አልለየም። በጠባቧ መርከቡ ላይ 200 ያህል ሰዎች አሳፈረ፤ ሌሎቹንም በጀልባ እንዳሉ በገመድ አስሮ ጐተተ። ማንኛዋም መርከብ ለርዳታ ብትመጣ፥ እርሱን እስካልነካችው ድረስ፥ እንደማይመታት በግልጽ እንግሊዝኛ በሬዲዮ አስታወቀ።

በአራተኛው ቀን አንድ የአሜሪካ አውሮፕላን ከአሴንሽን ደሴት መጣ። በሰርጓጇ ላይ የቀይ መስቀል ምልክት ተዘርግቶ ነበር፤ ይሁን እንጂ አውሮፕላኑ ቦምብ ጣለባት። ሃርተንሽታይን ገመዱን ቈርጦ፥ ሰዎቹን ወደ ውሃና ወደ ጀልባዎች መልሶ፥ ወደ ጥልቁ ወረደ። በኋላ የፈረንሳይ መርከቦች ደርሰው ብዙዎችን አነሡ፤ ሆኖም ከመርከቢቱ ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሞቱ። በማግሥቱ የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች የበላይ አዛዥ አድሚራል ካርል ዴኒትዝ፥ ከእንግዲህ ወዲህ ከሰጠሙ መርከቦች ሰው ማንሣት ክልክል ነው ሲል ትእዛዝ አስተላለፈ።

የዚህ ትእዛዝ ፍሬ ከሦስት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ ታየ፤ ታሪኩም ወደ እኛ አካባቢ ይጠጋል። በ1941 ዓ.ም. ኢጣልያኖች በኢትዮጵያና በኤርትራ ድል ከተመቱ በኋላ፥ እንግሊዞች የማረኳቸውን ወታደሮችና የያዟቸውን ሲቪሎች ወደ ሌሎች አገሮች ያጓጕዟቸው ነበር። ኖቫ ስኮሺያ የምትባል መርከብ ከምጽዋ ወደብ 700 የሚያልፉ እንዲህ ያሉ ኢጣልያውያን ጭና ወደ ደቡብ አፍሪቃ ጉዞ ጀመረች። ኖቬምበር 28 ቀን 1942 ዓ.ም. ከደርባን ወደብ ሳትደርስ ዩ-177 የተባለች የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ በቶርፒዶ መታቻት፤ በጥቂት ደቂቃዎችም ውስጥ ሰጠመች። የሰርጓጇ አዛዥ ማንን እንዳሰጠመ ለማወቅ ሁለት ሰዎችን ከውሃ አወጣ። ያሰጠመው የጦር ጓደኞቹን ነበር! ምን ላድርግ ብሎ በሬዲዮ ቢጠይቅ፥ ጦርነቱን ቀጥል የሚል መልስ መጣለት። እርሱም ሁለቱን ይዞ ሄደ።

ለሌሎቹ ርዳታ እንድትልክ ጀርመን በጦርነቱ ያልገባችውን ፖርቱጋልን ለመነች። አፎንሶ ደ አልቡከርክ የተባለችው የፖርቱጋል ጦር መርከብ ዛሬ ማፑቶ ከሚባለው ከሎሬንሶ ማርኬስ ወጥታ በማግሥቱ ስትደርስ በሕይወት ያገኘቻቸው 200 አይሞሉም ነበር። ከ850 በላይ የሆኑት በውሃና በሻርክ ዓሣ አልቀዋል። የብዙዎቹም ሬሳ በደቡብ አፍሪቃ ዳርቻ ላይ ተጣለ።

አንባቢ «እነዚህ እኮ አገራችንን የወረሩ ናቸው፤ ለምን እናዝንላቸዋለን?» ይለን ይሆናል። እኛም ስንጽፍ በዚህ ነገር ላይ ተከራክረናል። የወረራው ግፍ የሚረሳ አይደለም። ነገር ግን በዚያ ውሃ ውስጥ የነበረው ሰው ጠመንጃ አልነበረውም፤ የያዘው ሳንቃ ብቻ ነበር። የአባቶቻችንም ልማድ ለተማረከ መራራትን ያውቃል። ደግሞም ያ ትእዛዝ ወዳጅና ጠላት ሳይለይ እንደ ገደለ ልብ እንበል። «ጠላት ነውና ይቅር» የሚል ሕግ መጨረሻው የወገንንም ሞት ማየት ነው።

ከሰጠሙት መርከቦች ሁሉ ብዙ ሕዝብ ይዛ የጠፋችው ቪልሄልም ጉስትሎፍ የተባለችው የጀርመን መርከብ ናት። ጃንዋሪ 30 ቀን 1945 ዓ.ም. ዛሬ የፖላንድ ወደብ ከሆነችው ከግዲኒያ ስደተኞችን፥ ቍስለኞችንና የባሕር ኃይል ሰዎችን ጭና ወጣች። በዚያው ሌሊት አንዲት የሶቪየት ሰርጓጅ መርከብ በሦስት ቶርፒዶ መታቻት። የሞቱት ወደ 9,000 እንደሚደርሱ ይገመታል፤ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። የደረሱት የጀርመን መርከቦች ከ1,000 ብዙም የማይበልጡ ሰዎችን አተረፉ። በታይታኒክ ከሞቱት ጋር ሲመዛዘን ስድስት እጥፍ ያህል ነው፤ የታይታኒክን ስም የማያውቅ ግን የለም፥ የዚህችን ስም የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ አድሚራል ዴኒትዝ በኑረምበርግ ችሎት ቀርቦ ስለ ትእዛዙ ተጠየቀ። በዚያ ጊዜ የአሜሪካው አድሚራል ቼስተር ኒሚትዝ፥ የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከቦችም በፓሲፊክ ውቅያኖስ ተመሳሳይ አሠራር እንደ ነበራቸው በጽሑፍ መሰከረ። ዴኒትዝ በሌሎች ክሶች 10 ዓመት ተፈረደበት እንጂ ቅጣቱ በሰርጓጅ መርከቦች ውጊያ ምክንያት አልተመዘነም። ጥፋቱ የአንድ ወገን ብቻ አልነበረምና።

ስለዚህ የ1910 ዓ.ም. ቀዳዳ መደፈን ነበረበት። በ1949 ዓ.ም. በጄኔቭ የተፈረመው ሁለተኛው ስምምነት፥ ከባሕር ውጊያ በኋላ ተዋጊዎቹ ሳይዘገዩ የሚቻላቸውን ሁሉ አድርገው በውሃ የወደቁትን፥ ቍስለኞችንና በሽተኞችን እንዲፈልጉና እንዲያነሡ ያዝዛል። ይህ ትእዛዝ ለጦር መርከቦችም ነው። ኢትዮጵያም ስምምነቱን ከተቀበሉት አገሮች አንዷ ናት።

እንግዲህ በመጀመሪያ ወደ ተጠየቅነው እንመለስ። ባሕር ያላየን ልጆች ስለ መርከብ ምን አገባን? የሚያገባን ብዙ ነው። በጁን 2024 ዓ.ም. 260 ያህል ኢትዮጵያውያንና ሶማልያውያን የጫነች ጀልባ በየመን ዳርቻ ተገልብጣ ብዙዎቹ ጠፉ። የሰጠሙት እንደ እኛ ባሕርን በካርታ ብቻ ሲያውቁ ያደጉ የደጋ ልጆች ጭምር ናቸው። አገሩ ራሱ በጦርነት የተጐዳ ሲሆን፥ ዓሣ አጥማጆችና የአካባቢው ነዋሪዎች ሰው ለማዳን ወደ ባሕር ወጡ። የማን ልጅ እንደ ሆኑ፥ ወረቀት ይኑራቸው አይኑራቸው አልጠየቁም። በመላጥያ እሳት ያነደዱት ሰዎች ያደረጉትን አደረጉ።

ሕግ በብራስልስና በጄኔቭ ይጻፋል፤ የሚፈጸመው ግን ገመድ በያዘ ሰው እጅ ነው። የመቶ አለቃው ዩልዮስ የተጻፈ ስምምነት አልነበረውም፤ ሰው ግን አዳነ። ከእኛም መካከል ነገ ወታደር፥ ዳኛ፥ ሐኪም ወይም መርከበኛ የሚሆን ይኖራል። ያን ጊዜ በፊቱ የወደቀ ሰው ሲያይ፥ «ይህ ማን ነው?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት እጁን እንዲዘረጋ ከአሁኑ በዚህ ትምህርት ቤት ልንማረው ይገባናል።