ከጥቁር ሰሌዳ ወደ መድረክ፤ የመሐመድ ወርዲ ሕይወት

በካርቱም፣ በዴም ሰፈር የኖርን ሁላችን ጀበናው ከተጣደበት ጥግ በሬዲዮ ይሰማ የነበረውን ያን ድምፅ አንረሳውም። ዓረብኛው ገና ባልገባን ወራት እንኳ ዜማው ይገባን ነበር። የሱዳን ዘፈን እንደኛው በአምስት ድምፅ ቅኝት የተመሠረተ ስለሆነ ለጆሯችን ባዳ አልነበረምና። ያ ድምፅ የመሐመድ ወርዲ ነው። ዛሬ የዚህን ሰው ታሪክ የምናቀርበው ዝናውን ለማወደስ ብቻ አይደለም፤ መምህርም፣ እስረኛም፣ ስደተኛም ስለነበረ ጭምር ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወርዲ በ1932 በሰሜን ሱዳን፣ በኑቢያ ምድር፣ ሰዋርዳ በተባለች የዓባይ ዳር መንደር ተወለደ። ወላጆቹን በልጅነቱ ስላጣ በዘመድ እጅ አደገ። የኛን ክራር የሚመስለውን የኑቢያ የክር መሣሪያ መጫወት የለመደውም በዚያው ነበር። ካደገ በኋላ መምህር ሆኖ በሰሜን ያስተምር ጀመር። በ1957 በኦምዱርማን ሬዲዮ እንዲዘፍን ተመረጠ፤ ጥቂት ቆይቶም ጠመኔውን አስቀምጦ ሙሉ በሙሉ ድምፃዊ ሆነ። የእናቱ ቋንቋ ኑብኛ ሲሆን መላ ሱዳንን የማረከው ግን በተማረው ዓረብኛ ነው። ኑብኛውንም አልተወም፤ በሁለቱም ዘፈነ። ልጆቻችን የሰው አገር ቋንቋ ሲለምዱ የራሳቸውን ያጣሉ ብለን ለምንሰጋ ለኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የአስዋን ታላቁ ግድብ ውኃ የዋዲ ሐልፋን አገር ሊውጥ በተቃረበ ጊዜ፣ የሱዳን መንግሥት 50 ሺህ ያህል ኑብያውያንን ነቅሎ በምሥራቅ ሱዳን በካሽም አል ጊርባ አሰፈራቸው። ወርዲ ይህን በመቃወም ከተሰለፉት አንዱ ነበር። በጥቅምት 1964 የጄኔራል ዓቡድ ወታደራዊ መንግሥት በሕዝባዊ አመፅ ሲወድቅም፣ የገጣሚው የመሐመድ አል ፈይቱሪን ግጥም በዜማ አድርጎ የሕዝቡን ደስታ ያሰማ እርሱ ነው።

ታሪክ ስንጽፍ ግን ጉድለትንም መደበቅ አይገባንም። በግንቦት 1969 ጃፋር ኒሜሪ ሥልጣን ሲይዝ፣ ወርዲ ለአዲሶቹ መኮንኖች የውዳሴ ዘፈን ዘፈነ። ግጥሙን የጻፈለት እንደርሱው መምህር የነበረው መሕጁብ ሸሪፍ ነው። ከሁለት ዓመት ጥቂት በላይ ቆይቶ፣ ከሐምሌ 1971ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ፣ ያወደሱት መንግሥት ሁለቱንም እስር ቤት ከተታቸው። ይህ ነገር ለኛ እንግዳ ነውን? በ1974 በአገራችን ወታደሩ ሲመጣ እልል ብለው ከተቀበሉት መካከል በኋላ ስንቱ መምህርና ተማሪ ወህኒ ወረደ! ወርዲና ሸሪፍ ግን ስህተታቸውን ተሸክመው አልተቀመጡም፤ ከእስር በኋላ ለሕዝብ እንጂ ለቤተ መንግሥት አልዘፈኑም። በሚያዝያ 1985 ኒሜሪ በአመፅ ሲወርድ አደባባዩን የሞላው የነርሱ ዘፈን ነበር።

በሰኔ 1989 ዑመር አል በሽር ሥልጣን ሲይዝ ወርዲ አገሩን ጥሎ ተሰደደ። በ1990 ወደኛ አገር መጣና በጋምቤላ፣ በኢታንግ መጠለያ ዘፈነ። ኢታንግ በዚያን ጊዜ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች የሰፈሩበት ነበር። እነዚያ ሰዎች የሸሹት ካርቱም ላይ የተቀመጠውን መንግሥት ጦርነት ነው። ዘፋኙ ደግሞ የሰሜን ሰው፣ የሚዘፍነውም በዚያው መንግሥት ቋንቋ ነው። ሆኖም ስደተኛ ሆኖ በስደተኛ ፊት ቆመ። እኛ ወደ ሱዳን ስንሸሽ እነርሱ ወደ ኢትዮጵያ ይሸሹ ነበር፤ ድንበሩ አንድ፣ መንገዱ ሁለት። በ1994 ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ያቀረበው ዝግጅት ተቀድቶ ከሕዝብ ዘንድ ደርሷል።

ወርዲ ኩላሊቱ ታምሞ ዶሃ ላይ ንቅለ ተከላ ከተደረገለት በኋላ በ2002 ወደ አገሩ ተመለሰ። በየካቲት 18 ቀን 2012 ካርቱም ላይ አረፈ። በ2019 ወጣቶች በጦር ሠራዊቱ ዋና መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ሌሊቱን ሲያድሩ፣ የሞተውን ሰው ዘፈን እየዘፈኑ ነበር። በሚያዝያ 2023 በተነሣው ጦርነት ካርቱም ስትነድም ሱዳናውያን እንደገና በመተማ በኩል ወደኛ ምድር ተሰደዱ።

እንግዲህ አንባብያን፤ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ዘፈን ምን ያደርጋል የሚል ካለ ኢታንግን ያስታውስ። እህልና ውኃ በሰልፍ ይታደላል፤ ዘፈንን ግን ማንም አያድለንም፣ ከኛው መካከል ካልወጣ በቀር። ስለዚህ በየብሎኩ የምትገኙ እናቶችና አባቶች የምታውቁትን የሠርግና የእንጉርጉሮ ዜማ ለልጆች አስተምሩ፤ መጻፍ የሚያዳግታችሁ ንገሩን፣ እኛ እንጽፋለን። ለማን እንደምንዘፍን ግን አስቀድመን እንወቅ።