የቃላት ማብራሪያ፦ «የዘረመል ቤተሰብ»

«ዱባና ቅል አበቃቀላቸው ለየቅል» እንላለን፤ በሥነ ዕፅዋት ግን ሁለቱም የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው። «የዘረመል ቤተሰብ» ከዚህ ይለያል። ከአንድ ጥንታዊ ዘረመል ተባዝተው፣ በዘመናት ብዛት ጥቂት በጥቂት የተለያዩ ዘረመሎች ስብስብ ነው።

ከነዚህ ቤተሰቦች አንዱ «የዕድገት ተቆጣጣሪዎች» ይባላል። መጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2000 በሩዝ ላይ ነው። አባላቱ የሌሎችን ዘረመሎች ሥራ እየመሩ የቅጠልንና የግንድን ዕድገት ይወስናሉ።

የሁለት የዱባ ዝርያዎች ሙሉ ዘረመል እ.ኤ.አ. በ2017 ተነብቦ ይፋ ሆኗል። እንዲህ ያለ ንባብ ሲገኝ ተመራማሪዎች እንደ «የዕድገት ተቆጣጣሪዎች» ያለ የዘረመል ቤተሰብን መለያ ቅደም ተከተል በኮምፒውተር ያስሳሉ፤ ያገኟቸውን አባላት አወዳድረው የዘር ሐረጋቸውን ይሥላሉ፤ የትኛው በቅጠል፣ የትኛው በፍሬ ይበልጥ እንደሚሠራ ይለካሉ። ዱባ ከሁለት ጥንታዊ ዝርያዎች መዋሐድ የተገኘ ስለሆነ ብዙዎቹ ዘረመሎቹ መንትያ አላቸው።

በኩልመስክም ሆነ በሌላው ላስታ በጓሯችሁ ዱባ የምታበቅሉ ሁሉ፣ ከአገሩ አየርና አፈር የተስማማውን ዘር ጠብቁት። ነገ ለምርምር የሚፈለገው ዘረመል በእሱ ውስጥ ሊገኝ ይችላል።