ከግሸን የሚወርደው ንጉሥ ብቻ ነበር

ድሮ ተራራ የሚወጣው እረኛ፣ ተሳላሚና ሽፍታ ነበር። ዛሬ የከተማው ልጅም ቅዳሜ ማለዳ ጫማውን አጥብቆ እንጦጦን ወይም የረርን ይያያዘዋል፤ ጫፍ ላይ ፎቶውን ይነሳል፤ ይወርዳል። መውረዱን ከቁም ነገር የሚቆጥረው የለም። እኔ ግን ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ስለ መውረድ ነው። ደቡብ ወሎ ውስጥ የነገሥታት ልጆች የሚወጡት እንጂ የማይወርዱት ተራራ ነበር፤ ግሸን። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስትጓዙ ሐይቅ ከተማን ታገኛላችሁ። ሐይቁ ላይ የእስጢፋኖስ ገዳም አለ፤ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት። ድሮ ደሴት ነበር፤ ዛሬ በእግር ይገባል። ሴት ግን አይገባም፤ እኔና መሰሎቼ ከውጭ ሆነን እናያለን። በትውፊት እንደሚነገረው በ1270 ይኩኖ አምላክ ዙፋኑን ሲይዙ የሐይቁ አባት እጅ ነበረበት። ይህን ያዙልኝ። የሰሎሞናዊው ሥርወ መንግሥት በረከቱን ያገኘው ታች ሐይቁ ላይ ነው፤ የተረፉትን ልጆቹን የቆለፈባቸው ደግሞ ላይ፣ አምባሰል ላይ።

አምባሰል ሲባል ለብዙዎቻችን ጆሮ ቀድሞ የሚደርሰው ቅኝቱ ነው። አገሩ ግን ገደልና አምባ ነው። ከአምባዎቹ አንዱ ግሸን፣ አናቱ የመስቀል ቅርጽ ያለው፣ ዙሪያው ገደል፣ መግቢያው አንድ በር። እስር ቤት የሚያሠራ መንግሥት ከዚህ የተሻለ ግንብ ከየት ያመጣል?

ነገሩ የመጣው ከፍርሃት ነው። ዙፋኑ ለበኩር ልጅ ነው የሚል ጽኑ ሕግ አልነበረም፤ የንጉሥ ዘር ያለው ወንድ ሁሉ ነገ ተፎካካሪ ነው። ይግባ ጽዮን በ1294 ሲሞቱ በ5 ዓመት ውስጥ ዙፋኑ ከአንዱ ወደ ሌላው ተገላበጠ። የታሪክ ጸሐፊዎች መሳፍንቱን አምባ ላይ የማስቀመጡን ልማድ የሚያያይዙት ከዚህ ትርምስ ጋር ነው። አሠራሩ ቀላል ነበር፤ ወንድም፣ አጎት፣ የአጎት ልጅ ይሰበሰብና ወደ ላይ። ንጉሡ ሲሞት ሹማምንቱ ከመካከላቸው አንዱን መርጠው ያወርዱታል። የቀሩት እዚያው ያረጃሉ፤ ልጅም ይወልዳሉ፤ ልጁም እስረኛ ነው።

በ1434 ከዚያ የወረዱት ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው፤ 35 ዓመት ገደማ ሆኗቸው። አባታቸው ዐፄ ዳዊት ያስመጡትን ግማደ መስቀል ግሸን ላይ ያስቀመጡት እሳቸው እንደሆኑ ትውፊቱ ይናገራል። ሁላችንም የምናወራው ይህንን ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ሌላው ነው። የእስር ቤቱን ኑሮ የቀመሱት ሰው ቦታውን ቅዱስ አደረጉት፤ በሩን ግን አልከፈቱትም። ከ60 ዓመት በኋላ፣ በ1494፣ ዐፄ ናዖድም ለንግሥና የተጠሩት ከዚያው አምባ ነው።

በልብነ ድንግል ዘመን ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በተራራው አጠገብ አልፏል። ካየው ሁሉ የማይረሳኝ አንድ መነኩሴ ነው። ጥፋቱ? ከታሰሩት መሳፍንት ደብዳቤ ለንጉሡ ማድረስ። ለዚህ ይገረፍ ነበር፤ ጠባቂዎቹም አብረውት። ሰው ብቻ ሳይሆን ወረቀትም አይወርድም ነበር ማለት ነው።

የኢማም አሕመድ ሠራዊት ከ1531 ጀምሮ አምባውን ሞክሮ ሞክሮ በ1540 ያዘው፤ እስረኞቹና ጠባቂዎቹ አንድ ላይ አለቁ። በጎንደር ዘመን ልማዱ ወደ ወህኒ አምባ ተዛወረ። ዛሬ እስር ቤትን «ወህኒ ቤት» የምንለው በዚያ ተራራ ስም ነው።

አውሮፓ ግን ወሬውን ሰምቶ ገነት አደረገው። ሚልተን በ1667 በግጥሙ አነሳው፤ ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 ስለ ራሴላስ ሲጽፍ ድንጋዩን ወደ ለምለም ሸለቆ ለወጠው፤ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ የመለሱት መጽሐፍ ነው። ጆንሰን ኢትዮጵያን አላያትም። አንድ ነገር ግን አልሳተም፤ ልዑሉ መውጣት ይፈልጋል።

ሳይጠራ የወረደም አለ፤ ከግሸን ሳይሆን ከጎረቤቱ ከመቅደላ። ዐፄ ቴዎድሮስ በልጅነታቸው ማርከው የወሰዷቸው ምኒልክ 10 ዓመት ያህል ቆይተው በ1865 ሌሊት አመለጡ። ያስጠጓቸው የወሎዋ ወይዘሮ ወርቂት ነበሩ። የወይዘሮዋ ልጅ ግን ያኔ መቅደላ ላይ መያዣ ነበር፤ ቴዎድሮስ ከሌሎች የወሎ ሰዎች ጋር አስገደሉት። ከ24 ዓመት በኋላ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሊሆኑ ሲሉ ከጣልያን ጋር የተዋዋሉት እዚያው አምባሰል፣ ውጫሌ ላይ ነው።

ግሸን ዛሬም ይወጣል። መስከረም 21 ተሳላሚው ከየአገሩ ይመጣና ያንኑ ዳገት በዱላ እየተደገፈ ይያያዘዋል። አናቱ ላይ ቆሞ ገደሉን ቁልቁል ያያል፤ ይሳለማል፤ ጠበሉን ይቀዳል፤ በማግስቱ ማንንም ሳያስፈቅድ ይወርዳል።