የዶሮ ቀይ ቅንቅን

የዶሮ ቀይ ቅንቅን (ዴርማኒሰስ ጋሊኔ) የዶሮንና የሌሎች አእዋፍን ደም እየመጠጠ የሚኖር፣ ከመዥገርና ከሸረሪት ወገን የሚመደብ ደቃቅ ጥገኛ ነው። በሳይንስ መዝገብ ያሰፈረው ስዊድናዊው ካርል ደ ዬር ሲሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1778 ነበር። አዋቂው 1 ሚሊሜትር ገደማ ስለሚሆን በዓይን ይታያል፤ ሲራብ ግራጫ፣ ሲጠግብ ቀይ ነው። በአውሮፓ የእንቁላል ዶሮዎች ዋነኛ የውጭ ጥገኛ ሲሆን፣ በኢትዮጵያም በጓሮ ዶሮዎች ላይ ከቅማልና ከቁንጫ ጋር ተመዝግቧል።

አስቸጋሪ ያደረገው አኗኗሩ ነው። ቅማል ዕድሜውን ሙሉ ላባ ውስጥ ሲኖር፣ ቀይ ቅንቅን ዶሮዋ ላይ የሚወጣው ለመብላት ብቻ ነው። ሌሊት ቆጥ ላይ ስታንቀላፋ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ያህል ደሟን ይመጥና ይወርዳል። ቀን የሚውለውም ሆነ እንቁላሉን የሚጥለው በቆጡ መጋጠሚያ፣ በግድግዳ ስንጥቅ፣ በእንቁላል መጣያ ሳጥን ሥርና በደረቀ ኩስ ውስጥ ነው። ስለዚህ በቀን ላባ የሚገላልጥ ሰው ምንም ላያገኝ ይችላል፤ የዶሮዋን ገላ ብቻ አክሞ ቤቱን የተወ ደግሞ የለፋው በከንቱ ነው።

ሙቀቱ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ከእንቁላል ተነስቶ ለአካለ መጠን ለመድረስ ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃዋል። በሌላ በኩል ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ያለ ምግብ እስከ 8 ወር ሊቆይ ይችላል። ዶሮዎቹ ለፋሲካ አልቀው ቤቱ ባዶ ቢከርምም፣ ከወራት በኋላ የሚገቡትን ቄቦች የተራበ መንጋ ሊጠብቃቸው ይችላል።

ከምልክቶቹ ሁሉ ቶሎ የሚታየው የዶሮዎቹ ጠባይ ነው፦ ሲመሽ ቤታቸው አልገባ ይላሉ፣ ዛፍ ወይም አጥር ላይ ማደር ያምራቸዋል፤ የታቀፈች ዶሮ እንቁላሏን ጥላ ትነሳለች። ቀጥሎ የአናታቸው ቀይ ሥጋ ይገረጣል፣ እንቁላል ይቀንሳል፣ በቅርፊቱም ላይ ጥቃቅን የደም ነጠብጣብ ይታያል። ሲበረታ ጫጩቶችና የደከሙ ዶሮዎች በደም ማነስ ይሞታሉ። ለማረጋገጥ ሌሊት ባትሪ ይዞ ገብቶ የቆጡን የታችኛውን ገጽ በነጭ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል፤ ጨርቁ ደም ከያዘ ቅንቅኑ መኖሩን ያመለክታል። ቀን ደግሞ በመጋጠሚያዎቹ አካባቢ አመድ የተነሰነሰ የሚመስል ክምችት ይታያል።

ማጥፋት የሚጀምረው ቤቱን ባዶ በማድረግ ነው። ጉዝጓዙ ተጠርጎ ይቃጠላል፤ ቆጡና ሳጥኖቹ ተነቅለው በፈላ ውሃ ይታጠባሉ፤ ከ45 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀት ይገድለዋል። ሣር ክዳን በሌለው ቤት የብረትና የድንጋይ ክፍሎችን በእሳት መለብለብም ይቻላል። ስንጥቆቹ በጭቃ ወይም በሲሚንቶ ይደፈናሉ። ልጡ ያልተላጠ የባሕር ዛፍ ቆጥ ለተባዩ የተመቸ መደበቂያ ስለሆነ ልጡን መላጥ ወይም ቆጡን መቀየር ነው። የቆጡን እግሮች ዘይት በያዙ ጣሳዎች ውስጥ ማቆም መንገዱን ይዘጋበታል፤ ግን የቆጡ አንድ ጫፍ ግድግዳ ከነካ ልፋቱ ከንቱ ነው። እንቁላሎቹ ብዙ ጊዜ ስለሚያመልጡ ሥራው በሳምንቱ መደገም አለበት፤ ብዙዎች የሚሸነፉት እዚህ ላይ ነው፤ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ዶሮዎቹ ደህና ስለሚመስሉ ሁለተኛው ይቀራል።

ዶሮዎች የሚንከባለሉበት አመድ በገላቸው ላይ ላሉ ጥገኞች ይረዳል፣ ስንጥቅ ውስጥ ላለው ግን አይደርስም። በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች አካባቢም ክምችቱ የሚገኘው ዳያቶማይት የተባለ ዐለት ተፈጭቶ ሲነሰነስ የተባዩን የሰም ሽፋን አበላሽቶ ያደርቀዋል። ቤቱ እርጥብ ከሆነ ግን አይሠራም፤ አቧራው ሳንባ ስለሚጎዳ የሚነሰንሰው ሰው አፍና አፍንጫውን መሸፈን አለበት።

በኬሚካል ረገድ ፐርሜትሪን ለተባለው ፀረ ተባይና ለዘመዶቹ የማይበገሩ ዘሮች በአውሮፓ በብዛት ተገኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 በኔዘርላንድስና በቤልጂየም ከዕፅዋት የተሠራ ተብሎ በተሸጠ የዶሮ ቤት ማጽጃ ውስጥ፣ ለምግብ እንስሳት የተከለከለው ፊፕሮኒል የተባለ ፀረ ተባይ ተቀላቅሎ ተገኘ፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ እንቁላሎችም ከገበያ ተሰበሰቡ። በዚያው ዓመት የአውሮፓ ኅብረት ፍሉራላነር የተባለውን፣ በመጠጥ ውሃ በ7 ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ የሚሰጥ መድኃኒት ፈቀደ። መድኃኒቱን የጠጣችውን ዶሮ ደም የመጠጠው ቅንቅን ይሞታል፤ እንቁላሉም ሳይጣል ይበላል። ለከብት የሚወጋው አይቨርሜክቲን ግን ወደ እንቁላል ስለሚያልፍ ለምትጥል ዶሮ በዘፈቀደ መስጠት ተገቢ አይደለም።

ከቀይ ቅንቅን ጋር የሚምታቱ ሌሎችም አሉ። የሰሜን ቅንቅን የሚባለው ቀንም ሌሊትም ከዶሮዋ አይወርድም፤ በፊንጢጣዋ ዙሪያ ያለውን ላባ ያጠቁረዋል፤ እርሱን ለመቆጣጠር ገላዋን ማከም ግድ ነው። የእግር ቅርፊት ቅንቅን ደግሞ ቅርፊቱን አንስቶ እግሯን ያሻክራል። እግሩ በሳሙና ታጥቦ ለሳምንታት ቫዝሊን ሲቀባ ተባዩ ይታፈናል፤ ነጭ ጋዝ መቀባት ግን ቆዳዋን ያቃጥላል።

ቀይ ቅንቅን ሰውንም ይነክሳል፤ ሽፍታውና ማሳከኩ የትኋን ይመስላል። በሰው ደም ዘሩን ማቆየት ባይችልም፣ ዶሮዎች ከሰው ጋር በሚያድሩበት ቤት ዶሮዎቹ ሲሸጡ ወይም ሲታረዱ ተርቦ ወደ መኝታ ይመጣል። በቤቱ ጣሪያ ሥር ርግብ ወይም ድንቢጥ ጎጆ ከሠራች ደግሞ ዶሮ ያልረባበት ቤት ውስጥም ሊከሰት ይችላል፤ ያኔ መፈለግ ያለበት ጎጆው ነው።