ከወረታ ወደ ጉና፦ ሞተራቸውን የቀየሩ መኪኖች

ወረታ የመንታ መንገድ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር የተነሳ ሾፌር ሐሙሲትን አልፎ፣ የጉማራን ድልድይ ተሻግሮ እዚህ ሲደርስ ሁለት መንገድ ይጠብቀዋል። ወደ ሰሜን ከቀጠለ ርብን ተሻግሮ፣ ይፋግንና አዲስ ዘመንን እያለፈ ጎንደር ይገባል። ወደ ምሥራቅ ከታጠፈ ግን በዓለም በር አድርጎ ደብረ ታቦር ይወጣል። ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ ደብረ ታቦር 2700 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ከ40 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። በፎገራ ሜዳ ላይ ማንኛውም ሞተር ጎበዝ ነው። ልኩ የሚታወቀው ከዓለም በር ወዲያ ነው።

ከደብረ ታቦር ወዲያ ያለውን አገር ሞተር ሳይኖር በጉልበት የፈተኑት ዓፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ጋፋት ላይ በአውሮፓውያን ሙያተኞች ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ክብደቱ 7 ቶን ይጠጋ ነበር። በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ከደብረ ታቦር ተነስቶ መቅደላ እስኪደርስ ድረስ፣ መንገዱ እየተደለደለ፣ መቶዎች በገመድ እየጎተቱት ወራት ፈጅቷል። ዛሬ አንድ የደከመ አይሱዙ ያንን ያህል ጭኖ አቀበቱን ሲወጣ ቆሞ የሚያይ የለም፤ ከኋላው ተሰልፎ ጡሩምባ የሚነፋ ካልሆነ በቀር።

ሞተር ወደዚህ አገር በብዛት የገባው ከጦር ጋር ነው። የፋሺስቱ ሹም አኪሌ ስታራቼ የሚመራው የካሚዮን ሠራዊት መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎንደር ገባ፤ ከዚያም ወደ ጣና ደቡብ ዳርቻ ዘለቀ። ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የነበረው የመጨረሻው የጣሊያን ጦር እጁን ሲሰጥ ፊያቶቹና ላንቻዎቹ ከወታደሩ ጋር አልተመለሱም። ነጋዴ እጅ ገብተው እህልና ጨው፣ ሰውና ከብት ሲያመላልሱ ኖሩ። ፋብሪካቸው ባሕር ማዶ፣ መለዋወጫቸው ደግሞ ከየትም የማይገኝ ስለነበር፣ አንዱ ሲወድቅ ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ ባሌስትራው ለሌላው ይሰጥ ነበር። የአገራችን የሞተር ቅየራ ሙያ ሥሩ እዚህ ላይ ነው። ከቅንጦት ሳይሆን ከእጦት የተወለደ ሙያ ነው።

ሙያው ትምህርት ቤት ያገኘው በኋላ ነው። በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት በ1955 ዓ.ም. ሲከፈት፣ ከሚያስተምራቸው ሙያዎች መካከል የእርሻ መካኒክና የብረታ ብረት ሥራ ነበሩበት። ከወረታ የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ የቶርኖ ማሽን፣ የብየዳ ክፍልና ሞተር ፈትቶ የሚያስተምር መምህር ተገኘ ማለት ነው። እርግጥ አብዛኛው መካኒክ ሙያውን የተማረው በክፍል ውስጥ ሳይሆን ከመኪና ሥር ተኝቶ፣ ለጌታው ቁልፍ እያቀበለ ነው።

በዚያው ዘመን ከአሥመራ በጎንደር በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚወርድ መኪና ሁሉ ወረታን ሳይረግጥ አያልፍም ነበር። አፍሪካን ከላይ እስከ ታች ለማቋረጥ ከአውሮፓ የሚነሱ መንገደኞች ይመርጧቸው ከነበሩ መኪኖች ሁለቱ ላንድሮቨርና የቮልስዋገን ኮምቢ ነበሩ። ኮምቢው አልጋና ምድጃ ተገጥሞለት መኝታም ማብሰያም ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950 ሲወጣ የነበረው ሞተር ግን 1131 ሲሲ፣ ጉልበቱም 25 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር። ይህም በባሕር ወለል ላይ ሲለካ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 1 በመቶ ያህል ያጣል። በዚህ ስሌት ደብረ ታቦር ሲደርስ ከ25ቱ የሚቀረው 18 ገደማ ነው። በዚያ ላይ የኮምቢ ሞተር ራዲያተር የለውም፤ የሚቀዘቅዘው በነፋስ ነው። ከፍታው ላይ አየሩ ሲሳሳ የሚቃጠለውም የሚያቀዘቅዘውም አብሮ ያንሳል። ሾፌሩ በአንደኛ ማርሽ እያጓራ የሚወጣው ስንፍና ይዞት አይደለም።

መፍትሔው ከአዲስ አበባ ጎዳና የራቀ አልነበረም። ቮልስ በኢትዮጵያ ከተሞች እጅግ የተወደደ መኪና ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በእሱ መሆኑን የማያውቅ ጥቂት ነው። የቮልስና የኮምቢ ሞተር ደግሞ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። 1200 ሲሲ የነበረው 1500፣ ቀጥሎም 1600 ሆኖ ሲያድግ የውጭ ቅርጹ ብዙም አልተለወጠም። ስለዚህ የተጋጨ ቮልስ ሞተሩ ለደከመ ኮምቢ መድኃኒት ሊሆን ይችላል።

አሠራሩን ቀረብ ብሎ ላየው ያስገርማል። መካኒኩ የቤንዚኑን ቱቦ ያጥፋል፣ የነዳጅ መርገጫውን ገመድ ይነቅላል፣ የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹን ይፈታል፣ የኋላውን ላሜራ ያነሳል። ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የያዙት አራት ብሎኖች ብቻ ናቸው። ክሪክ ከሥሩ ገብቶ ብሎኖቹ ከወለቁ በኋላ ሞተሩ ወደ ኋላ ተስቦ ይወርዳል፤ እጁ የለመደ ሰው ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይፈጅበትም። ችግር የሚመጣው ሲመለስ ነው። በ6 ቮልት ለተሠራ የድሮ ኮምቢ የ12 ቮልቱን ዘመን ሞተር የሚገጥም ሰው፣ የአዲሱ ቮላኖ ጥርሶች በዝተው፣ ዙሪያውም ሰፍቶ ያገኘዋል። ያኔ የካምቢዮውን ቤት ከውስጥ እየሞረዱ ማስፋት ግድ ነው። ሞረዱ ካነሰ ቮላኖው ይፋጫል፤ ከበዛ ቤቱ ይሳሳል። የመካኒኩ ልክ የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

ደርግ ሲመጣ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ሆነ። የውጭ ምንዛሪ ጠፋ፤ ታላቅ መንገድ ተከፈተ። ኢትዮጵያ ከቻይና ሕዝባዊ ሪፐብሊክ ጋር በ1963 ዓ.ም. ግንኙነት መሥርታ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በ1964 ዓ.ም. መግቢያ ቤጂንግ ድረስ ሄደው ማኦን ካነጋገሩ በኋላ ከተስማሙባቸው ሥራዎች አንዱ ከወረታ ወልድያ የሚዘልቀው 300 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ ነው። ቻይናዎቹ ሠርተው ያስረከቡት ግን ለደርግ ነው። በደብረ ታቦር አድርጎ፣ የጉና ተራራን ጎን ይዞ፣ በነፋስ መውጫና በጋሸና ያልፋል፤ ሰፊ ክፍሉ ከፍታው 3000 ሜትር ገደማ ነው። ወረታ ከዚያ ወዲህ በባሕር ዳርና በጎንደር መካከል ያለች ማረፊያ ብቻ መሆኗ ቀረ። ከወሎ የሚመጣው ሁሉ ወደ ሜዳው የሚወርድባት በር ሆነች።

ሜዳውም በዚያው ዘመን ተለወጠ። ሰፊው ረግረግ ከዚያ በፊት የታወቀው በፎገራ ላም ነበር። ርብና ጉማራ ክረምት ሞልተው ሲተኙበት ሣሩን የሚወድ ከብት እንጂ ጤፍ አይበረክትበትም። የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የገበሬ ማኅበራት ሩዝ ካስሞከሩ በኋላ ግን ውኃ የተኛበት መሬት ተፈላጊ ሆነ። ዛሬ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የሚገኘው ወረታ ነው፤ የጃፓን መንግሥትም በጃይካ በኩል ደግፎታል። ሩዙ መፈልፈያ ፈለገ፣ በበጋ የሚተከለው ሽንኩርት የውኃ መሳቢያ ሞተር ፈለገ፣ ምርቱ ካሚዮን ፈለገ። ከብት አርቢ የነበረ አገር ሞተር ጠጋኝ የሚያስፈልገው አገር ሆነ።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የመጣው ሞገድ ጃፓናዊ ነው። ኮምቢው የነበረውን ቦታ የቶዮታ ሃይኤስ ወሰደው። በአውስትራሊያና በጃፓን አልጋ ተዘርግቶበት ቤተሰብ የሚዝናናበት መኪና፣ እዚህ ወንበር ተደርድሮበት፣ ፖርቶመጋላው ላይ ዶሮና ጀሪካን ተጭኖበት የመንገድ ሠራተኛ ሆነ። ሃይኤስን ለመካኒክ ያስወደደው የናፍጣ ሞተሩ ዘር ነው። 2ኤል 2446 ሲሲ፣ 3ኤል 2779 ሲሲ፣ 5ኤል 2986 ሲሲ ናቸው፤ በብዙ ነገራቸው ይመሳሰላሉ። በ2ኤል የመጣ ሚኒባስ ሲደክም 3ኤል ወይም 5ኤል ቢገጠምለት ብዙ መበየድ አይጠይቅም። ባለቤቱ ሳያስበው የተሻለ ጉልበት አገኘ ማለት ነው። ተርቦ ያለውን 1ኬዜድ የሚመርጡም አሉ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ተርቦው የሳሳውን አየር አጭቆ ስለሚያስገባ ጉና ላይ የሚጠፋውን ጉልበት አብዛኛውን ይመልሳል። ነገር ግን ሽቦው ይበዛል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ የድሮው ራዲያተርም አይችለውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መባል አለበት። ሞተር ሲቀየር ሁሉም የሚያወራው ስለ አቀበቱ ነው። አደጋው ያለው ቁልቁለቱ ላይ ነው። ለትንሽ ሞተር የተሠራ ፍሬን፣ በአዲሱ ጉልበት ተማምኖ ከልክ በላይ የተጫነን መኪና ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ሲያወርድ ይግላል፤ ሲግል ይዝላል። ፍሪሲዮኑን፣ ፍሬኑንና ባሌስትራውን ሳይነኩ ሞተር ብቻ መቀየር ግማሽ ሥራ ነው። ግማሹን ሠርተው ሙሉ ሒሳብ የሚቀበሉ ጋራዦችም አልጠፉም።

በሌላው ዓለም ይኸው ሥራ የተለየ መልክ አለው። ፖርሽ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ የስፖርት መኪናውን 231 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር በቮልስዋገን ቫን ኋላ ገጥሞ ጥቂት መኪኖች አውጥቷል። ደቡብ አፍሪካውያን ፋብሪካቸው ውስጥ የአውዲን ባለ አምስት ሲሊንደር ሞተር እየገጠሙ ያንኑ ቫን እስከ እ.ኤ.አ. 2002 ሠርተዋል። ብራዚል የድሮውን ኮምቢ እስከ እ.ኤ.አ. 2013 ስታመርት፣ በመጨረሻዎቹ ዓመታት በነፋስ የሚቀዘቅዘውን ሞተር ትታ በውኃ የሚቀዘቅዝ 1.4 ሊትር አስገብታለች። እንግሊዝና ጀርመን ውስጥ የሱባሩ ሞተር በኮምቢ መግጠም የቅዳሜና እሑድ መዝናኛ ነው። ደቡብ አፍሪካና ብራዚል ከእኛ ይቀርባሉ፤ መኪናው ሥራ ላይ ስለነበረ ነው ያደሱት።

የእኛው ምክንያት በቀረጥ ጠንክሯል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ። በዚያ ዋጋ ሌላ አሮጌ መኪና ከማስገባት፣ ያለውን አሮጌ ገላ ይዞ ልቡን መለወጥ ይረክሳል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ያሉት የነዳጅ መኪኖች ዋጋ የሚወጣበት፣ ዕድሜያቸውም የሚረዝምበት ምክንያት ተጨመረ።

የኤሌክትሪክ ሞተር ለወረታና ለደብረ ታቦር መንገድ አንድ ትልቅ ብልጫ አለው፤ አየር አይፈልግም። ከፍታው ጉልበቱን አይቀንስበትም፣ ቁልቁለቱ ላይም ፍሬኑን እያገዘ ባትሪውን መልሶ ይሞላል። ቮልስዋገን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2020 የ1966ቱን ኮምቢ 44 የፈረስ ጉልበት ሞተር አውርዶ በ83 የፈረስ ጉልበት የኤሌክትሪክ ሞተር ተክቶ አሳይቷል። እንዲህ ያለው ቅየራ እዚህ ቢጀመር በቅድሚያ የሚፈተነው ቶርኖ ቤት ሳይሆን መዝገብ ቤት ነው። የኢትዮጵያ ሊብሬ የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር ይዞ፣ የነዳጁን ዓይነት የሚጽፍ ሰነድ ነው። ሞተር የቀየረ ሰው ለውጡን ካላስመዘገበ ቦሎ ሲያወጣም መኪናውን ሲሸጥም ይጠየቃል። 5ኤል የገጠመው የሃይኤስ ባለቤት ቢያንስ የሚጽፈው ቁጥር አለው፤ ኮምቢውን በባትሪ የሚያስነሳ ሰው ግን ለውጡን እንዴት እንደሚያስመዘግብ ከመዝገብ ቤቱ ጋር መከራከር ሊኖርበት ይችላል።