የኩሬዋ እንግዳ፤ የአንዲት ኤሊ ታሪክ

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ባለሙያ፣ የዝናብን ውኃ ማጠራቀም ለምሥራቅ ጎጃም ገበሬ ምን ያህል እንደሚጠቅም ይረዳል። እኛም ኩሬ ስንቆፍር የውኃውን መጠን፣ ስርገቱንና ትነቱን እናሰላለን፤ በውኃው ውስጥ ምን እንደሚኖር ግን እምብዛም አናስብም። ይህን ቸልታችንን የሚያሳስብ የአንዲት ኤሊ ታሪክ አለ።

በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ሁለት ጀርመናውያን በሁለት አህጉር ይጓዙ ነበር። ኤድዋርድ ሩፔል ከምጽዋ እስከ ጎንደር ተዘዋውሮ፣ አንገቷን ወደ ጎን አጥፋ የምትደብቀውን የአገራችንን አካባቢ የውኃ ኤሊ በ1835 ለሳይንስ አስተዋወቀ። የእርሷ ወገኖች ኩሬው ሲደርቅ ጭቃ ውስጥ ተቀብረው ዝናብን ይጠብቃሉ። ልዑል ማክሲሚሊያን ዘቪድ ደግሞ በሚሲሲፒ ተፋሰስ የምትኖረውን፣ ከዓይኗ ኋላ ቀይ መስመር ያላትን ኤሊ ገለጸ።

ይህች ሁለተኛይቱ ወደ ገበያ ወጣች። ስትፈለፈል ከሳንቲም ብዙም ስለማትበልጥ የልጆች መጫወቻ ሆነች። ይሁን እንጂ ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ወደ ሕፃናት ስለምታስተላልፍ፣ የአሜሪካ መንግሥት በ1975 ቅርፊታቸው ከ10 ሴንቲ ሜትር የሚያንስ ኤሊዎች እንዳይሸጡ ከለከለ። ወደ ውጭ መላክ ግን አልተከለከለም ነበርና፣ ከ1989 እስከ 1997 ብቻ ከ52 ሚሊዮን በላይ ወደ ሌሎች አገሮች ተላኩ። ኤሊዋ ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ አድጋ ለብዙ ዓመታት የምትኖር ናትና፣ የሰለቹአት ባለቤቶች በየኩሬው ለቀቋት። በዚያም ከኤሮጳ ነባር ኤሊ ጋር በምግብና በፀሐይ መሞቂያ ቦታ ትሻማ ጀመር። ኤሮጳ በ1997 ባለቀይ መስመሯን ብታግድ፣ ነጋዴዎች የቅርብ ዘመዶቿን አመጡ፤ እገዳው ዝርያዋን በሙሉ ያጠቃለለው በ2016 ነው።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በአበባው ውበት ከደቡብ አሜሪካ ወደ ብዙ አገር የተወሰደው እንቦጭ በ1965 በቆቃና በአዋሽ፣ በ2011 ደግሞ በጣና ታየ። ገበሬውም በክንዱ ሲነቅለው አይተናል።

ስለዚህ ኩሬውን ለባለቤቱ ስናስረክብ፣ የባዕድ እንስሳም ሆነ ተክል እንዳይጨምርበት ማስገንዘብ የሥራችን አንዱ ክፍል ይሁን። በመግቢያው ላይ የሚነገር አንድ ቃል፣ ከገባ በኋላ ከሚወጣ ብዙ ሕግ ይበልጣልና።